በነጻ ነው ተብሎ የተናቀው ሊኑክስ

ዛሬ ጠዋት አያ ሞላ ከኮላ ድባ ለቀጠሮ ክሊኒካችን ሲመጡ ካርዳቸው አልተገኘም። የታካሚዎች መዝገብ ያለበትን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ቫይረስ ቆልፎታል።

"ምነው ልጄ፣ የአምናው ምርመራዬ ሁሉ ጠፋ?" አሉኝ። ኮምፒውተሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ አፈርኩ።

ሰርቨሩ ሲገዛ በዊንዶውስ ፋንታ ዴቢያን የሚባለውን በነጻ የሚገኝ ሊኑክስ እንጫንበት ብዬ ነበር። ኃላፊያችን ሳቀብኝ። "በነጻ የሚታደል ነገር ምን ይረባል?"

ከዚያ ጓደኛው በፍላሽ የሰጠውን የተሰረቀ ዊንዶውስ አስጫነ። ለእሱስ ስንት ከፍሎ ይሆን?

ዛሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጥቶ "ያ ነጻው ነገር እስከ ምሳ ይደርሳል?" ይለኛል።

እየጫንኩ ነው። አያ ሞላ ግን ለምርመራ ደም ሊሰጡ እንደገና ላቦራቶሪ ተሰልፈዋል። ኃላፊው ይቅርታ እንኳን አልጠየቃቸውም።

እናንተ መሥሪያ ቤትስ "ነጻ ነው" ተብሎ የተጣለ ምን አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።