ያልሄድኩበት የራሴ ድግስ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ፊታችሁን ባየው ኖሮ አልደፍርም ነበር።

እኔ የበና ልጅ ነኝ። ስሜ ጋይቶ ነበር። ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ ካለው መንደራችን ጂንካ ለትምህርት ስመጣ አስተማሪዬ «በላይነህ» አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ይላሉ። እኔን ማን ለጎመኝ? ልጓሙን ያጠለቅኩት ራሴው ነኝ! በደርግ ጊዜ አስተማሪ ሆንኩ፣ ክራባት አሰርኩ። ከሰሜን የመጡ የአንድ ነጋዴ ልጅ ለማግባት ስጠይቅ አባትየው «ወገንህ ማነው?» አሉኝ። «ሁሉም ሞተዋል፤ ወንድም እንኳ የለኝም» አልኳቸው። እንዴት አፌ ላይ መጣልኝ?

ወንድም ነበረኝ፤ ታናሼ ኦይታ። በእኛ በበና ወንድ ልጅ በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ራቁቱን ሮጦ ካልዘለለ ሚስት አያገባም። ታላቅ ሳይዘል ደግሞ ታናሽ አይዘልም። ኦይታ ዱካ የምትባል ልጅ ወዶ ነበር፤ እሷም ወዳዋለች። እኔ እስክዘል ድረስ ሁለቱም የእኔን እጅ ያዩ ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። አሥር ቦታ የተቋጠረ የልጥ ገመድ ሰጠኝ። በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ ሲያልቅ የዝላዩ ድግስ ነው።

«ከብቱ ተለይቷል፣ ለሚጠጣው ቦርዴ ማሽላው ተፈጭቷል» አለኝ በቋንቋችን። «አንተ ብቻ ና።»

«እመጣለሁ» አልኩት። ማልኩለትም። ለምን ማልኩ? ተማሪዎቼ እያዩን ስለነበር ቶሎ እንዲሄድልኝ! አይ እኔ!

በየጠዋቱ ቋጠሮውን ፈታሁ። እሄዳለሁ እያልኩ ነው የፈታሁት፤ ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። ግን ራቁቴን በከብት ጀርባ ላይ ስሮጥ፣ ወሬውም እጮኛዬ ቤት ሲደርስ ይታየኝ ነበር። የመጨረሻውን ቋጠሮ የፈታሁ ዕለት እጮኛዬ ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። እዚያ ሄድኩ። እንግዳው ተሰብስቦ፣ ከብቱ ተደርድሮ ሲጠብቀኝ እኔ ዶሮ ወጥ እበላ ነበር። በላሁ እኮ! ጣፈጠኝም።

አገባሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቅዳሜ ከሚስቴ እናት ጋር ገበያ ወጥቼ ሳለ አጎቴ ማር በቅል ይዞ ፊት ለፊቴ መጣ። ልሸሽ ስል ደረሰብኝ። ከሴትዮዋ ራቅ ብለን ቆምን። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የዱካ አባት መጠበቅ ታክቶት ለሌላ ሰው እንደዳራት ነገረኝ።

«ሽማግሌዎቹ ለኦይታ መላ አግኝተውለት ነበር» አለኝ። «‹ታላቄ ሞቷል በልና ራስህን ተላጭ፣ ከዚያ ትዘላለህ› አሉት። እምቢ አለ። ‹ወንድሜ ጂንካ በእግሩ እየሄደ እንዴት ሞተ እላለሁ?› አላቸው። ልጅቷ ስትወሰድ እያየ እንኳ ሞቷል አላለም።»

እኔ ሚስት ላግኝ ብዬ በአፌ ገደልኩት። እሱ ሚስቱን እያጣ አልገደለኝም። አጎቴ እግር ላይ ልውደቅ፣ አብሬው ልሂድ አልኩ፤ አልቻልኩም። ምን እንደያዘኝ ዛሬም አላውቅም።

አማቴ ቀረብ አሉና «በላይነህ ልጄ፣ ማነው እሱ?» አሉኝ።

«ማር ሻጭ ነው፤ በዋጋ አልተስማማንም» አልኳቸው።

አጎቴ አማርኛ ይሰማል። መስማቱንም አውቃለሁ። ቅሉን አንስቶ ሄደ።

ልጅ ነበርኩ አልላችሁም፤ ዘመኑ ነው ብዬም አላመካኝም። ይቅር በሉኝ እንዳልል ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ዛሬ ሄጄ ብዘልስ ዱካን ማን ይመልሳታል? መንግሥት ተለወጠ፣ እኔም ሸበትኩ። ኦይታ ከልጆች ጋር ተቀምጦ እንደ ልጅ እየተቆጠረ ያው ከብት ይጠብቃል። እስከ ዛሬ አልዘለለም። እኔ አልሞትኩማ።