ዳገት ላይ የምትቀየር ብሎን

መምህርቷ እልኸኛ ናት። እናቷ «ይቺ ልጅ ስትወለድም ተጣልታ ነው የወጣችው» ትላለች። ቆላው ላይ ካለው ቤቷ ተራራው ጫፍ ወዳለው ትምህርት ቤት በሞተር ሳይክል ትመላለሳለች፤ ያውም ሞተሯ እሺ ስትል። ሜዳው ላይ የምትፈተለከው ሞተር ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ታስላለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ ቀጥ! የቀረውን መንገድ መምህርቷ እየገፋች ትወስዳታለች።

ርዕሰ መምህሩ ታገሠ፣ ታገሠና ቁርጡን ነገራት። «ወይ እዚሁ ቤት ተከራዪ፣ ወይ ደግመሽ ካረፈድሽ ክፍሉን ለሌላ አስተማሪ እሰጣለሁ።»

እዚያ መኖሩን ጠልታ አይደለም። እናቷ ደረቷን ያማታል፤ ዳገት ቀርቶ የቤቱ ደረጃ እንኳ ያንገላታታል። ይዛት ልትወጣ አትችልም፤ ትታት ልትወጣ ደግሞ አንጀቷ እንቢ አለ። እንግዲህ ሁሉም ነገር ይቺ አመለኛ ሞተር ላይ ወደቀ።

አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ ሞተር ጠጋኝ ነው። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራቶር በጆሮው ብቻ ስለሚያስተካክል «ጋሼ ጆሮ» ይሉታል። በራሱ እጅ ካርቡራቶር የነካ ደንበኛ ደግሞ ወዮለት! «በል ውሰድና ራስህ ሥራው» ብሎ ያባርረዋል።

ሱቁ በር ላይ ሞተሯን አስነሳና ጆሮውን ደቀነ። «እንዲህ እየዘፈነች ምን ሁኚ ትያታለሽ?»

«እዚህማ ትዘፍናለች ጋሼ። እዚያ ነው የምታለቅሰው።»

«እንግዲያው ርቧታል። ዳገት ለሚወጣ ቀለብ ይጨመርለታል።» ቤንዚኑ በመሃሏ የሚያልፍባትን ሚጢጢ የነሐስ ብሎን ፈታና ቀዳዳዋን በሽቦ አሰፋት።

ደግነቱ ቅዳሜ ነበር፤ መምህርቷ ለሙከራ ወጣች። ሞተሯ ከወትሮው ቀድማ ቆመች። መምህርቷ እንባዋ ቢመጣም መልሳ ዋጠችው። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ስትፈታው ባልተቃጠለ ቤንዚን እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ቁልቁል ተንደርድራ አጎቷ በር ላይ ቆመች።

«ተነስ ጋሼ፣ ተራራ እንወጣለን።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

«ጉልበትህን ማን ፈለገው? ጆሮህን ነው የምወስደው!»

እያጉረመረመ ከኋላ ተፈናጠጠ። የተለመደው መታጠፊያ ላይ ሞተሯ እንደ አመሏ ቆመች። ትንሽ እንደገፉ አጎትየው ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። «ኧረ... አየሩ... የት ሄደ?»

«እሱን ነው የምልህ! አየሩ እዚህ ሳስቷል። አንተ ትንፋሽ ላጠራት ቤንዚን ታጎርሳታለህ!»

ካንዴላውን ከእጇ ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ ከዚያ በራሱ ላይ ሳቀ። «ወይ ጉድ! ጠግባ ነው ለካ!» ከኪሱ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ብሎን አውጥቶ ቀየረላት። ሞተሯ አንዴ አጓራችና ዳገቱን ተያያዘችው።

«ስትመለሺ ግን ሜዳው ላይ በዚህች እንዳትነጂ» አለ። «እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚን ያንሳትና ግላ ትቃጠላለች። ሁለቱን ማቀያየር ነው።»

«ማን ያቀያይራል?»

«እኔ ነኛ!»

«በየቀኑ እዚህ ድረስ?»

አጎትየው ወደ ቁልቁለቱ አየ፣ ወደ ጉልበቱ አየ። ከዚያ ካቻቢቴውን ዘረጋላት። «እንግዲህ ፍቺ። ለማንም እንዳታወሪ ብቻ!»

ሰኞ ጠዋት መታጠፊያው ላይ ብቻዋን ነበረች። ብሎን ስትቀይር ብርዱ ጣቷን አደንዝዞት ጠባቧ ብሎን አምልጣ ጠጠሩ ውስጥ ገባች። «አልለቅሽም!» አለቻት፣ ሰው የምታናግር ይመስል። ተንበርክካ ጠጠሩን በመዳፏ እያበጠረች ፈለገቻት፤ አገኘቻት፤ አጥብቃ አሰረቻት። ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ሌላ አስተማሪ ጠመኔ ይዞ ክፍሏ በር ላይ ይጠብቃል። ደወሉ ገና አልተደወለም።

«ይቅርታ፣ ክፍሉ የኔ ነው» ብላ አልፋው ገባች።

ከሰዓት በኋላ የተራራው ግርጌ ላይ ሰፊዋን ብሎን መልሳ ቤቷ ገባች። እናቷ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች።

«ምንድነው ይሄ እማዬ?»

«ወንድሜ ቤት ልግባ ብዬ ነው። አንቺ እዚያው ላይ ቤት ተከራዪ። በኔ የተነሳ ሥራሽን አታጪም።»

 መምህርቷ ቅዳሜ የዋጠችው እንባ ያን ጊዜ መጣ። ቁጭ ብላ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች። «ደርሻለሁ እማዬ። ደወል ሳይደወል ገብቻለሁ። ነገም እደርሳለሁ።»

እናትየው ፊቷን አየቻት፣ ከዚያ እጇን።

«ተይ በዚህ እጅሽ!» ብላ ጮኸች። «ልብሴ ቤንዚን ቤንዚን ሊሸት ነው? አምጪው፣ እኔው ራሴ እመልሰዋለሁ።»