የጋሽ መኮንን የጾም ዓሣ

"አንቺ፣ ባሕር ከሌለው አገር መጥተሽ የማንን ባሕር ነው የምትጠብቂው?"

ዛሬ ምሳ ላይ፣ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ የአባቴ ጓደኛ ጋሽ መኮንን እንዲህ አሉኝ። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ሳቀ።

ሥራዬ ዓሣ ማጥመድ በተከለከለበት የባሕር ክልል ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ፣ የትኛው ዓሣ እንደሸሸ መከታተል ነው። ጠዋት አለቃዬ ኮል አድርጋ "ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ነው" ብላኛለች። ለቀልድ የሚሆን ሆድ አልነበረኝም።

የጋሼን ሳህን አየሁት። በጾም ምድር የተጠበሰ ዓሣ! (ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ኮሜንት ላይ እንዳትጀምሩብኝ።)

"ጋሼ፣ ዓሣው እዚያ ተከልሎ ካልተራባ ውጭ የሚጠመድ የለም። ባሕር ባይኖረን ጾም አለን። ያንን ክልል የምንከታተልበትን ፕሮጀክት ደግሞ ሊዘጉብን ነው። ዓሣው ሲያልቅ ሁዳዴን በምን ሊያሳልፉት ነው?"

ሳቁ ቆመ። ጋሼ እጃቸውን ጠረጉና "ደግሞ ማን አባቱ ነው የሚዘጋው?" ብለው ቱግ አሉ።

ይኸው፣ አሁን ሁለት ሆነናል። የመጨረሻዋ የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ከውሃው እስክትወጣ ድረስ ሙቀቱን አነባለሁ።

እናንተስ፣ "ምን አገባህ፣ ምን አገባሽ" ስትባሉ ምን መለሳችሁ? ጻፉልኝ።

እኔ መልሴን ሰጥቻለሁ፤ ያገባኛል።