የቀሪዎች አግዳሚ

ወንድሜ አናጢ ነው። የሰፈሩ ሰው «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ ስሙም ያለ ነገር አልወጣለትም፤ የተንጋደደ በር ሲያይ ጥርሱን ያመዋል። ሰው ቤት በእንግድነት ሲገባ ከሰላምታ በፊት የቁም ሳጥኑን መዝጊያ ይነቀንቅና «ይሄን የሠራው የትኛው ጠላታችሁ ነው?» ይላል። ስለዚህ ብዙ አይጋበዝም። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ጋሼ እለዋለሁ። አብሬው ስለምሠራ ቁጣውን ከጣውላው እኩል የምቀምስ እኔ ነኝ።

ሱቃችን አልጋም ጠረጴዛም ይሠራል፤ የሚያኖረን ግን የሬሳ ሳጥን ነው። እሱ እንጨቱን ይቆርጣል፣ እኔ የውስጡን ጨርቅ እሰፋለሁ። እዚህ ላይ አንድ አመሉን ልንገራችሁ፤ ኋላ ጉዱን የሚያፈላው ይኸው አመል ነውና። ጋሼ ለሟች ሜትር አይዘረጋም። «ሰው እንደ ግንድ በብረት አይለካም» ባይ ነው። ለቅሶ ቤት የሚሄደው ኪሱ ውስጥ ሲባጎ ይዞ ነው። ሲባጎውን ከራስ እስከ እግር ይዘረጋና በሟቹ ልክ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ ሱቅ ተመልሶ በቋጠሮው ልክ ይቆርጣል። ያው ሲባጎ ለሚቀጥለውም ያገለግላል፤ የቆየውን ቋጠሮ ግን አይፈታም። ለምን ስትሉት «የሰው ልክ አይፈታም» ብሎ አፍ ያስይዛችኋል። አዲሱን ከአሮጌው የሚለየው በዓይኑ ነው፤ አሮጌው በእጅ ወዝ ጠቁሯል፣ አዲሱ ገና ነጣ ይላል። በቃ፤ ሌላ ምልክት የለውም። ዕድሜውን ሙሉ አልተሳሳተም።

ከዚያ ስኳር መጣ፤ በሽታው ማለቴ ነው። ጋሼ ስኳር እንዳለበት ሲነገረው ሳቀ፤ «እኔ ላይ? ጣፋጭ ነገር እኔ ላይ ምን ይሠራል?» አለ። ሚስቱ «እውነትህን ነው፤ ተሳስቶ ነው የገባው» አለችው። ቀልዱ እዚያ ላይ አበቃ። የመንግሥት ሆስፒታል የዓይን ክፍል ሐኪሙ መርምሮት ሲያበቃ «ከዓይንዎ ጀርባ ደም እየፈሰሰ ነው፤ በጊዜ በሌዘር ካልተያዘ ሁለቱም ይጠፋሉ» አለው። የሌዘር ማሽኑ ደግሞ ሆስፒታሎች የሚጋሩት ነው፤ በወር አንድ ቀን ብቻ ወደኛ ይመጣል። ቀጠሮ ተሰጠው።

የቀጠሮው ዕለት ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አርፋለች። ያቺ ድምፅዋ እንጂ ቁመቷ ከስፌት መኪናዋ የማይበልጥ፣ ደግ ሴት። ወንድሞቿ ደጃፉ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ጋሼ ኮፍያውን እንዳደረገ ቀረ።

«ጋሼ፣ ቀጠሮህስ?»

«ሞት ቀጠሮ ይሰጣል? ነገ እሄዳለሁ።»

ሲባጎውን ይዞ ወጣ። ለካ፣ ቋጠረ፣ ቆረጠ። እኔም ጨርቄን ሰፋሁ። ሳጥኑ እንከን አልነበረውም።

በነጋታው ተያይዘን ሄድን። አሁን ሲስተሯን ላስተዋውቃችሁ። የዓይን ክፍል ተራ የምታስጠራው ነርስ ናት፤ በሽተኛው «ጥሩምባ» ብሎ ሰይሟታል፤ ስሙን ያወጣላትን ሰው ባገኘው ግንባሩን እስመው ነበር። ድምፅዋ ኮሪደሩን አልፎ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ በር ላይ ያለውን ዘበኛ ያስደነግጣል። በቀጠሮው ቀን የመጣውን ሰው «እርስዎ፣ አባቴ፣ እናቴ» እያለች በአክብሮት ታስገባለች። ቀጠሮ ያሳለፈውን ግን ሽማግሌ ሆነ አሮጊት «አንተ» እና «አንቺ» ነው የምትለው። ለእነሱ ለብቻቸው ከግድግዳው ሥር አንድ አግዳሚ አኑራለች፤ ፊቱን ወደ ሌላው በሽተኛ ያዞረ። ቀሪ ሁሉ እዚያ ተቀምጦ ይታያል፤ ተነስቶ በሰው ፊት ለምን እንደቀረ ይናገራል፤ የሚገባውም ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ጋሼ ተቀመጠ። አግዳሚው ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ፊቱን ሲያጨፈግግ አየሁት፤ ጥርሱን አመመው።

«አንተ! ባለ ኮፍያው! ተነስ። ትናንት ለምን ቀረህ?»

«ሥራ ነበረኝ።»

«ሥራ! ሰማችሁ? ሥራ ነበረው። እኛ እዚህ ካርታ ስንጫወት ነው የዋልነው? ከዓይን የሚበልጠው ምን ዓይነት ሥራ ነው?»

ጋሼ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ምን ይበል? ፊት ለፊቱ ዓይናቸው የታሸገ፣ በሰው እጅ ተመርተው የመጡ፣ ከነገ ወዲያ ቀዶ ጥገና የሚገቡ ሰዎች ተደርድረዋል። እዚያ መሀል «የሬሳ ሳጥን» ብሎ መጥራት ሳጥኑን ተሸክሞ እንደመግባት ነው። ሥራችን ያስተማረን አንድ ጨዋነት ቢኖር በሽተኛ ፊት የሥራችንን ስም አለመጥራት ነው።

«ምላስህንም ስኳሩ በላው?»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ትናንት ማሽኑ ባዶ ወንበር ሲጠብቅ ዋለ። ከሩቅ የመጡ እናት ‹ቦታ ሞልቷል› ተብለው ተመለሱ። ቦታውማ ነበር! የበላኸው አንተ ነህ።»

ጋሼ ኮፍያውን አጠለቀ። ወደ በሩ ሲሄድ ዞር ብሎ «ይሄን አግዳሚ የሠራው የትኛው ጠላትሽ ነው?» አላት።

«ሂድ! ሂድ ግዴለም! መሪ ይዘህ ትመጣታለህ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። «እዚያች ሴት ፊት ከምቆም ብታወር ይሻለኛል» አለ። ማሽኑ መጣ፣ ሄደ፤ መጣ፣ ሄደ። ሚስቱ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ ሰደበችው። ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሳል። አንድ ቀን የመብራት ምሰሶ ሰላም ብሎ ምሰሶው ስላልመለሰለት ተቀየመ። እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ውስጥ ሆኖ «ዛሬ ምን ነካው፣ ጨለመ» ይላል።

«ጋሼ፣ ፀሐይዋ ቦታዋ ላይ ናት።»

«ዝም በይ አንቺ! ደመና ነው።»

«ደመናው ያለው አንተ ዓይን ውስጥ ነው።»

መዶሻ ወረወረብኝ። ሳተኝ። «አየህ?» አልኩት፤ «ድሮ ቢሆን ትመታኝ ነበር።» ከዚያ በኋላ ለሳምንት አልተነጋገርንም።

ያ ሳምንት ሳያልቅ ረጅሙ ሾፌር አረፈ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በቁመቱ የማያውቀው ሰው የለም፤ በር ሲገባ የሚጎነበሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ጋሼ ሲባጎውን ይዞ ሄደ፤ ለካ፤ ቋጠረ፤ መጣና ቆረጠ። ተኳርፈን ስለነበር እኔ ቀና ብዬ አላየሁም፤ ጨርቄን በተቆረጠው ጣውላ ልክ ሰፋሁ። ቢሆንም በልቤ «ጨርቁ ዛሬ ተረፈኝ» ብያለሁ። ብያለሁ እንጂ አልተናገርኩም፤ ኩርፊያ የሚሉት ነገር እንዲህ ነው።

ሳጥኑን ግቢው ውስጥ አስቀመጥነው። አራት ጎልማሶች ሟቹን አንስተው አስገቡ። አልገባም። ትከሻው ሲገባ እግሩ ቀረ፤ እግሩ ሲገባ ራሱ ቀረ። የሟቹ ሚስት ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣችና ቁልቁል አየች።

«ዕድሜውን ሙሉ አልጋ አልበቃ ብሎት እግሩ ውጭ አደረ» አለች፤ «አሁንም አልበቃውም?»

ልቅሶው ቀለጠ። ትልቁ ልጅ ጋሼን በኮሌታው ያዘው።

«ጣውላ ቆጥበህ ነው ወይስ አባቴን አሳጥረህ ልትቀብረው ነው?»

«ለክቻለሁ!» አለ ጋሼ። «እዚሁ ነው የለካሁት፤ አንተም ቆመህ አይተሃል!» ሲባጎውን አውጥቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የበለጠ አስጠጋ። አፍንጫውን እስኪነካው ድረስ አስጠጋ። ግቢው ሙሉ ሰው ያየዋል። ያን ጊዜ ኩርፊያዬን ረሳሁና ሲባጎውን ከእጁ ነጠቅኩት። አዲሱ ነጭ ቋጠሮ ቦታው ላይ አለ። ጋሼ ግን የያዘው ከሱ ዝቅ ያለውን፣ የጠቆረውን ነበር።

«ጋሼ» አልኩት በጆሮው፤ «ይሄ እኮ የልብስ ሰፊዋ ነው።»

ጋሼ ለእሷ ሲል ቀጠሮውን የቀረላት ሴት፣ አጭሯ ልብስ ሰፊ፣ በረጅሙ ሾፌር ሳጥን ላይ ተቀምጣለች።

ሱቅ ተመልሰን ሌላ ሠራን፤ ቀባሪው ደጅ ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ እኔ መስመሩን እያየሁ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ» እያልኩ፣ እሱ በድምፄ እየተመራ ጣውላ እየቆረጠ። ውሃ ልክ! በእህቱ አፍ! ልጁ ሳጥኑን ሲረከበን እንዲህ አለ፦ «ውሃ ልክ ነበር አሉ ስምህ። ውሃው ፈሷል።»

ማሽኑ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ጋሼ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነሳ። ሆስፒታል ገብቶ ማንም ሳያዘው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አግዳሚው ዘመም አለ። ጥሩምባ ገና ከሩቅ አየችው።

«መጣህ? ባለ ኮፍያው! ተነስ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ቀረህ?»

ተነሳ። ጨዋነቱን አግዳሚው ላይ ትቶት ተነሳ።

«የሬሳ ሳጥን ስሠራ ነው የቀረሁት!» አለ፤ የእሷን ያህል ጮኾ። «ሥራዬ እሱ ነው! የሬሳ ሳጥን!»

ሁለት ዓይናቸው የታሸገ እናት ያልታየውን ለማየት ፊታቸውን አዞሩ። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ እየተንሸራተቱ ከአግዳሚው ጫፍ ደረሱ፤ ለመውደቅ ትንሽ ቀራቸው። ጥሩምባ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«እና ሟቹን ምን አስቸኮላቸው?» አለች። «እሳቸው ከእንግዲህ የት ቀጠሮ አላቸው? ቀጠሮ ያለህ አንተ!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ዓይናቸው የታሸገው እናትም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ይቅር ይበለኝ፤ ጠላቴ ስትሆን ሳቅኩላት።

«ባለፈው ሰው የማይገባበት ሳጥን ሠራሁ» አለ ጋሼ፣ ድምፁ ወርዶ። «መስማት የፈለግሽው ይሄን ከሆነ፣ እንኪ።»

«ተቀመጥ» አለች፤ «ቦታ የለም። ከመጣህ ግን ጠብቅ።»

ጠበቅን። «እርስዎ፣ እናቴ»፣ «እርስዎ፣ አባቴ» እያለች አስገባች። የሚጠሩት ሊያልቁ ሲሉ የአንድ መምህር ስም ጠራች። ደገመች። ወጥታ ግቢ ድረስ ጮኸች። መምህሩ አልመጣም። ተመልሳ መጣችና አግዳሚው ፊት ቆመች፤ እንዲህ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም፤ በማን እንደተቆጣች ግን እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

«አንተ፣ ባለ ሳጥኑ፣ ተነስ። የምትገባው በሰው ቦታ ነው፤ እወቀው!»

የቀኙ ዓይን አልተረፈም። ሐኪሙ «ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ቀሪውን ተወው። ግራውን ያዙት። ጋሼ ሲወጣ በግድግዳው እየተደገፈ ወደ እሷ ሄደ።

«ያ የቀረው ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ሲመጣ እጠይቀዋለሁ።»

«ጮክ ብለሽ አትጠይቂው።»

«ጮክ ብዬ ነው የምጠይቀው! አንተ ማን ሆነህ ነው የምታዘኝ?»

አልታረቁም፤ እናንተም አትጠብቁ። እሱ እስከዛሬ ስሟ ሲነሳ ይተፋል። ለእያንዳንዱ ሟች አዲስ ሲባጎ እገዛለሁ፤ መስመሩንም እኔ ነኝ የማየው። ባለፈው ደግሞ ለግራ ዓይኑ ክትትል በተቀጠረበት ዕለት ጠዋት ሁለት ወንድማማቾች አባታችን አረፈ ብለው መጡ። ጋሼ ኮፍያውን አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አባታችሁ አይቸኩሉም። ቀጠሮ ያለኝ እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ኑ።»

ረግመውት ወደ ሌላ አናጢ ሄዱ። የማንን አፍ እንደተበደረ ስለማውቅ ሳቄን በመርፌና ክሬ ደበቅኩት። ሆስፒታል ስንደርስ ኮሪደሩ ሞልቷል፤ የቀሪዎች አግዳሚም ሞልቷል። ከውስጥ ያ ድምፅ ወጣ፦

«እርስዎ! ባለ ሳጥኑ!»

«አለሁ!» አለ ጋሼ፤ በአንድ ዓይኑ በሩን እየፈለገ። «ገና አልገባሁበትም!»