ትልልቆቹ ጎማዎችና የተሸፈነው ዳቦ

ቃሉን የተናገርሁት በማርያም ማኅበር ላይ፣ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ነው። «የልጄን መኪና ያ መካኒክ በዓይኑ በላት» አልሁ። አሥራ አንድ ሴቶች ሰሙኝ። አንዷም «ተይ» አላለችኝም።

መኪናዋ አሮጌ ናት፤ ማርሿን ራሷ የምትቀይር አውቶማቲክ። ልጄ ሥራው አንበሳሜ ከተማ ነው። ቅዳሜ በእሷ ወደ ደብረ ታቦር ይመጣል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመለሳል። ከአስፋልቱ ወደ ቤታችን የሚያስገባው መንገድ ድንጋያማ ነው። ሆዷ ድንጋይ በነካ ቁጥር «እመቤቴ!» እያልሁ እጮኻለሁ። ከፍ እንድትል ትልልቅ ጎማ አስገባ ብዬ ጨቀጨቅሁት። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ የመከረኝ ሰው የለም።

ልጄ ሁልጊዜ የሚያሠራበት መካኒክ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ።

«ቸርኬው ይቀበላቸዋል፤ ካምቢዮው ግን አይወዳቸውም።»

ቸርኬ የጎማው ብረት፣ ካምቢዮ ደግሞ ማርሹ የሚቀያየርበት ክፍል መሆኑን ያን ቀን አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁም። «አንተ ብቻ ግጠም» አልሁት። ገጠመ።

ሦስት ሳምንት ደስ አለኝ። ከዚያ ልጄ ማማረር ጀመረ። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ዳገት ስትይዝ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ ማርሹን አንዴ ታወርዳለች፣ አንዴ ትሰቅላለች፣ መወሰን ያቅታታል። የፍጥነት መቁጠሪያዋም ከሄደችበት አሳንሶ ያሳያል። አንድ ቅዳሜ ዳገቱ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተውና በስንት መከራ ቤት ደረሰ።

ጸበል አምጥቼ ኮፈኗ ላይ ረጨሁ። ልጄ ሳቀብኝ።

«እማዬ፣ ካምቢዮ እኮ ቡዳ እንደበላው ሰው አይለፈልፍም።»

«አንተ ዝም በል!»

በማግስቱ መካኒኩ ሊያያት ወደ ቤት መጣ። የዚህ ሰው አያት ለአባቴ ማረሻ ይቀጠቅጡለት ነበር። በእርሳቸው ማረሻ የታረሰውን እህል በልቼ አድጌአለሁ። በእኛ አገር ግን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ዘሩ ሁሉ ዓይኑ ይፈራል፤ እርሱ ፊት እህል አይገለጥም። ከእናቴ የሰማሁት ነው፤ መርምሬው አላውቅም። በሩን ሲገባ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ገበታው ላይ ባለው ዳቦ ላይ ጣልሁት። አየኝ። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወደ መኪናዋ ሄደ።

ሲጨርስም በደጅ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ አስረዳኝ።

«እማማ፣ ትልቁ ጎማ አንዴ ሲዞር ከትንሹ የበለጠ መሬት ይሄዳል። ካምቢዮዋ የተሠራው በትንሹ ልክ ነው። አንቱ ዳገት ሲወጡ በግድ እርምጃዎን ቢያስረዝሙብዎ ጉልበትዎ አይዝልም? እሷም ያው ናት። ዘይቷ ግሎ ተቃጥሏል። የቀድሞዎቹ ይመለሱላት።»

ሰማሁት፤ ልቤ ግን አልሰማውም። ጎማውን የገጠመ እርሱ፣ የሚበላሸውን አስቀድሞ ያወቀ እርሱ። በዚያው ሳምንት ማኅበር ሄጄ ያን ቃል ተናገርሁ።

ልጄ እኔን ሳይጠይቅ የቀድሞዎቹን ጎማዎች አስመለሰ፣ የካምቢዮዋን ዘይትም አስቀየረ። ከዚያ ከፊት አስቀምጦኝ ያንኑ ዳገት ወጣን። ማርሽ ስትቀይር እንኳ አልታወቀኝም።

«ዓይን ነው፣ እማዬ?» አለኝ።

«አንተ መንገዱን እይ» አልሁት።

ስንመለስ በጋራዡ በኩል አለፍን። ድሮ ባጃጅ ተሰልፎበት ይውል የነበረው ደጅ ባዶ ነበር። ሰውየው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። የሦስት ልጆች አባት ነው።

«ከማኅበራችሁ ወዲህ እንደዚህ ነው» አለ ልጄ።

ያን ሳምንት ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር።

«በማን ፊት ተናገርሽ?» አሉኝ።

«በማኅበሩ።»

«መጀመሪያ ለእርሱ፤ ቀጥሎ በእነርሱ ፊት። ስግደቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

ዳቦ ጋግሬ፣ በሰው መካከል ይዤው ጋራዡ ሄድሁ። ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ ዛሬስ ሳይሸፍኑት መጡ?»

ጉልበቱን ልይዝ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዞ አነሣኝ። ዘይት በነካው እጁ ዳቦውን ቆርሶ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ።

«መጀመሪያ አንቱ ይብሉ፤ እንዳይታመሙ እኔ እዚሁ አይዎታለሁ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በላሁ። ከዚያ ሳቁን ተወና «ጎማውን መልሼ ገጠምሁ። ወሬውን ግን በየት በኩል ፈትቼ እንደምመልሰው አላውቅም» አለኝ።

«እርሱ የእኔ ሥራ ነው» አልሁት።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ተራው የእኔ ነበር። ጠራሁት። እንዳይቀር ፈራሁ፤ እንዳይመጣም ፈራሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ቄሱ ዳቦውን ሳይቆርሱ ተነሣሁ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትልልቁን ጎማ የፈለግሁ እኔ፣ አይሆንም ያለኝን ያልሰማሁ እኔ፣ ስሙን ያጠፋሁ እኔ» አልሁ። ከዚህ በላይ ቃል አልመጣልኝም።

ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ሌሎቹ አቀርቅረው ዳቦውን በእጃቸው ያዙ፤ የሚቀምስ ጠፋ። እርሱ ድርሻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። በኋላ ከሁላችን በዕድሜ የምትበልጠው ጎረሰችና አፏ ሙሉ እንደሆነ ወደ እርሱ ዞረች።

«የልጄ ባጃጅ ጠዋት ጠዋት ታስላለች፤ ምን ሆና ነው?»

«ነገ ያምጣት፣ አያታለሁ እማማ።»

ተመስገን አልሁ በልቤ። የወጡት ሁለቱ ባጃጅ የሚነዱ ልጆቻቸውን እስከ ዛሬ ወደ እርሱ አይልኩም። ወሬውን ያገኙት ከእኔ አፍ ነው። በጋራዡ ባለፍሁ ቁጥር ደጁ ላይ የቆሙትን ባጃጆች እያየሁ፣ የእነርሱን ሁለቱን እፈልጋለሁ።