ከብስክሌት የወረዱልን ሰዎች

ከነገሌ በላይ ባለው ደን ውስጥ የተነጠፈውን መንገድ፣ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ለብዙ ወራት አልረገጥኩትም። ቤታችን ለደኑ ቅርብ ስለሆነ በረንዳ ላይ ስቀመጥ የብስክሌት ደወል ይሰማኛል። ደወሉ በተሰማ ቁጥር ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ጎረቤቶቼ ሐዘኑ ነው ብለው ተረዱልኝ። ሐዘንም ነበረበት። ከሐዘኑ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ቀስ እያልኩ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ደኑን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ካምፑን ጥሎ በተበተነ ጊዜ ደኑም ጠባቂ አጣ። ጥዱና ወይራው ተጨፈጨፈ፤ ግማሹ ከሰል ሆኖ በአህያ ወረደ። ያኔ ገና ጀማሪ መምህርት ነበርኩ፤ ከክፍሌ መስኮት የከሰሉ ጭስ ይታየኝ ነበር። ኋላ ላይ ቦታው ተከለለ፣ ችግኝ ተተከለበት፣ ከልጃችን ጋር አብሮ አደገ። መንገዱ የመጣው ግን በቅርብ ዓመታት ነው። በአንዱ ጎን እግረኛ፣ በሌላው ጎን ብስክሌት እንዲሄድ ተብሎ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ተሰመረበት። መስመሩን ከፍየሎቹ በቀር የሚያከብረው የለም፤ እነሱም በላዩ ላይ መሄድ ስለሚወዱ ነው። መንገዱ ከታችኛው በር ተነስቶ በዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዘ ይወጣና አፋፉ ላይ ያበቃል። እዚያ ሲደርሱ ቆላው ሁሉ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል።

ባለቤቴ ያንን ቆላ ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪና ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው። ወደ ሞያሌ፣ ወደ ተልተሌ፣ አንዳንዴም ወደ ደጋው ወደ ቦሬ። ቁጭ ብሎ ኖረ ማለት ይቻላል። ጡረታ ከወጣ በኋላ መክሳት ጀመረ። ታናሽ ወንድሙ ሐዋሳ ወስዶ አስመረመረውና ሲመለሱ ቤት ገብተው ተቀመጡ።

«ስኳር ነው» አለ ወንድሙ። «ጣፋጭ ይተው፤ ጠዋት ጠዋት በእግሩ ይንቀሳቀስ። ሌላ ምንም የለበትም።»

አመንኩት። ለምን አላምነው? ሙሽራ ሆኜ ወደ ቤታቸው ስገባ ቀሚሴን ይዞ የተከተለኝ ትንሽ ልጅ ነበር። እኔ ነኝ ፊደል ያስቆጠርኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘቡ እኔ ሆንኩ። ስኳሩን ከጠረጴዛ አነሳሁ። ጎህ ሲቀድ ብርድ ልብሱን ከላዩ ላይ እገፋለሁ። ጫማውን በሩ ላይ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አፋፉ ድረስ እንወጣ ነበር። በኋላ የዳገቱ መሐል ላይ ያለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አመጣ።

«ተነስ እንጂ» እለዋለሁ።

«አንዴ ሞተሩ ይቀዝቅዝ።»

«የዳዋን ወንዝ አሸዋ ስታቋርጥ ሞተሩ ይቀዘቅዝልህ ነበር?»

«ያኔ ረዳት ነበረኝ፤ ይገፋ ነበር።»

«ዛሬም እኔ አለሁ» እልና ጀርባው ላይ እጄን አድርጌ እገፋዋለሁ። ይነሳል። እየሳቀ፣ እየተነፈሰ፣ ይወጣል። ሰነፍ እለው ነበር። የሚያልፍ ሰው ሲሰማኝ ድምፄን እንኳ ዝቅ አላደርግም። የታመመን ሰው ዳገት እያስወጣሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚሞትን ሰው እያስወጣሁ እንደሆነ ግን አላውቅም።

አሁን ወደ ብስክሌቱ ነገር ልምጣ።

በእኛ አገር በቅሎ ላይ ያለ ሰው ትልቅ ሰው ሲያገኝ ወርዶ ሰላም ይላል። ለቅሶ ቤት ሲያልፍም ይወርዳል። በብስክሌት ዘመን ይህ ልማድ ላልቷል፤ ቢሆንም አልጠፋም። ለገዳ ሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለሼህ ይወርዳሉ። ለሹፌር የወረደ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ለባለቤቴማ የሰፈሩ ልጆች ኮርቻቸው ላይ እንዳሉ ደወል ደውለው፣ «ናጋ ቡልታኒ?» ብለው ያልፋሉ። ሰላም አደሩ ማለታቸው ነው። አንዳንዱ እንደ ደንቡ «ሎን ናጋ?» ብሎ ከብቶቹ ደኅና መሆናቸውን ይጨምራል፤ እሱም «ከብቴ ጎማ ነው፣ ተንፍሷል» ብሎ ይመልስለታል። ልጆቹ ይህን መልስ ለመስማት ብለው ነበር የሚጠይቁት።

አንድ ጠዋት የልብስ ሰፊው ልጅ ከሩቅ ሲያየን ፍሬን ያዘ። ወረደ። ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ መጣና ጎንበስ ብሎ የባለቤቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ስለ ከብት አልጠየቀም። እኛ ርቀን እስክንሄድ ድረስም አልወጣበትም።

ባለቤቴ ዞር ብሎ አየውና፣ «ይሄ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሚያከብረኝ?» አለ።

«አርጅተሃላ» አልኩት። «ደስ ይበልህ።»

በማግስቱ ሌላ ሰው ወረደ። ከዚያ ሌላ። ሳምንት ሳይሞላ በመንገዱ ላይ የምናገኘው ባለብስክሌት ሁሉ ይወርድ ጀመር። የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሳይቀሩ ወረዱ። ሐጂ የባለቤቴ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናቸው፤ ከሞያሌ ጨርቃቸውን ያመላለሰላቸው እሱ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንዴ ከወረዱ መልሶ መውጣት ይከብዳቸዋል፤ ስለዚህ ለማንም አይወርዱም ነበር።

እኔ ኮራሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ኮራሁ። የሰው መኪና ሲነዳ ለኖረ ሰው ከተማው ክብሩን ዘግይቶም ቢሆን ሰጠው ብዬ አሰብኩ። ከሣጥን ውስጥ ደኅናውን ኮቱን አወጣሁለት። «ይህን ልበስ፤ የሚወርዱልህ ሰዎች አሉ» አልኩት። ኮቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ለበሰው። ትከሻው ላይ ሰፍቶት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ከቤት መውጣት ተወ። ብዙም አልቆየም። የመጨረሻውን ቀን አልጽፈውም፤ እሱ የኔ ነው።

ነገሩን የሰማሁት ድንኳን ውስጥ ነው። ከቦሬ የመጡ የባለቤቴ አክስት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጆሯቸው ስለደከመ በሹክሹክታ የተናገሩ የሚመስላቸውን ሁሉ ድንኳኑ ይሰማል። ከጎናቸው ለተቀመጠች ሴት፣ «እኛማ እንባችን አልቋል» አሏት። «ሐዋሳ ሐኪሙ ተስፋ የለውም ብሎ ለወንድሙ የነገረው ጊዜ ነው ያለቀስነው። ይቺ ምስኪን ብቻ ናት ዛሬ የምትጀምረው።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጸጥታው ነው የነገረኝ። አንድ ሰው እንኳ፣ «ምን ማለትዎ ነው?» አላለም። ዙሪያውን አየሁ። ጎረቤቶቼ፣ የእድሩ ሰዎች፣ አብረውኝ ያስተማሩ መምህራን፤ ሁሉም ምንጣፉን ያያል። ልጄን አየኋት። ከሁለት ሳምንት በፊት «ናፍቃችሁኝ ነው» ብላ ከሐዋሳ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ጥቁር ቀሚስ አይቼ፣ «ይሄ ለምንድን ነው?» ብያት ነበር። «ቆሻሻ ስለሚችል ነው» አለችኝ። አሁን ያንን ቀሚስ ለብሳ እሷም ምንጣፉን ታያለች።

እንግዳ እስኪቀንስ ጠበቅሁና የባለቤቴን ወንድም ወደ ጓዳ ጠራሁት።

«ስኳር ነው ያልከኝ አንተ ነህ?»

«እትዬ» አለ። እስከ ዛሬ የሚጠራኝ እንዲያ ነው። «ለአንቺ ብለን ነው።»

«ለእኔ?»

«አንቺ ካወቅሽ ፊትሽ ይናገራል። እሱ ደግሞ ያነበዋል። ተስፋው ይቆረጥ ነበር። ሐኪሙም ለበሽተኛው አትንገሩ አለ።»

«ከተማው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ?»

«መርዶ የሚነገረው ሰው ሲሞት ነው፣ እትዬ። በቁሙ ያለ ሰው ምን መርዶ አለው?»

እኔም በዕድሜዬ ከስንት መርዶ ነጋሪዎች ጋር ጎህ ሳይቀድ የሰው በር አንኳኩቻለሁ። ዜናውን ይዘን፣ ሐዘንተኛዋ እንቅልፏን ትጨርስ ብለን፣ አጥሩ ሥር በብርድ ቆመን አድረን እናውቃለን። ያ ግን አንድ ሌሊት ነው። እኔን ወራት ሙሉ ነው አጥር ሥር ቆመው ያዩኝ። ሰነፍ ስለው እየሰሙ። ኮት ሳለብሰው እያዩ።

አርባው አለፈ፤ መንፈቁም ተቃረበ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጥያቄ ነበር እንቅልፍ የነሳኝ። እሱስ ያውቅ ነበር? ካላወቀ እሱም እንደኔ ተታሏል፤ ሁለታችንም በአንድ ወገን ነን። ካወቀ ግን እሱም ምንጣፉን ከሚያዩት አንዱ ነው። ወንድሙን ብጠይቅ እንደገና «ለአንቺ ብዬ» እንዳይለኝ ፈራሁ። የቀሩት ሐጂ ነበሩ። ሱቃቸው ውስጥ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ጫማዬን አደረግሁና ወደ መንገዱ ወጣሁ።

ከታችኛው በር ብዙም ሳልርቅ ሐጂ ከላይ መጡ። ሲያዩኝ ፍሬን ያዙ፣ አንድ እግራቸውን በጭንቅ አሻግረው ወረዱ።

«ናጋ ቡልቴ፣ እህቴ?»

«ናጋ፣ ሐጂ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። እውነቱን ካልነገሩኝ ሁለተኛ ሰላም አልልዎትም።»

ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደገፉት። «ጠይቂ።»

«ያውቅ ነበር?»

ቆቡን አውልቀው ራሳቸውን አሹ። «ያውቅ ነበር» አሉ።

«ማን ነገረው?»

«ማንም አልነገረውም። ወላሂ ማንም። እኛው ነን ያሳበቅነው።» ወደ ብስክሌቱ አመለከቱ። «አንድ ቀን ሱቅ መጣ። ሰው እስኪወጣ ጠብቆ፣ ‹ሐጂ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ዳር ሲይዝልህ ከኋላህ አምቡላንስ አለ ማለት ነው› አለኝ። ሳቅሁ። ‹አንተ በዚያ ጉልበት ከወረድክ ነገሩ አልቋል፤ ንገረኝ› አለ። ነገርኩት።»

ልናከብረው ስንወርድ፣ ልቡ እንዳይሰበር ብለን የደበቅነውን ራሳችን ነገርነው ማለታቸው ነበር። እኔ ግን ያንኑ ምልክት አይቼ ነው ኮት ያወጣሁለት።

«እና ለእኔስ?»

«እንዳንነግርሽ አስማለን። ‹ለእሷ እንዳትነግሩ። ሁላችሁም ለሬሳ እንደምትወርዱት ትወርዱልኛላችሁ። የምትቆጣኝ እሷ ብቻ ናት። ስትገፋኝ የምድን ይመስለኛል› አለ።»

ድንጋዩ ከቆምንበት አይታይም፤ ከመጠምዘዣው በላይ ነው። እኔ ግን ወደዚያ አየሁ። ሐጂ ያጽናኑኝ መስሏቸው ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ምናልባት ትጽናና ነበር።

«መድኃኒት አደረጋችሁኝ» አልኳቸው። «መድኃኒት ደግሞ አይጠየቅም፤ ይዋጣል።»

«እህቴ…»

«ቢነግረኝ እያወቅሁ እቆጣው ነበር። ደብቄ አለቅስና ጠዋት ተነስቼ ብርድ ልብሱን እገፋ ነበር።»

«ትችይ ነበር?»

አሰብኩ። «አላውቅም» አልኩ። «የማላውቀው ግን እናንተ ስላልፈተናችሁኝ ነው።»

ሐጂ ቆባቸውን መልሰው አድርገው ብስክሌታቸውን ሲያነሱ፣ «አንድ ነገር ብቻ» አልኳቸው። «ከእንግዲህ ለእኔ አይውረዱ።»

«ሐዘንተኛ ነሽ። እንዴት ኮርቻ ላይ ሆኜ አልፍሻለሁ?»

«ሰው በወረደልኝ ቁጥር ስለ እኔ ምን ያውቅ ይሆን እላለሁ። ለልጆቹም ይንገሩልኝ። ደወል ይበቃኛል።»

ነገሩልኝም። ልማድ ስለሆነ ወዲያው አልተዉትም፤ አሁንም አንዳንዱ ሲያየኝ አንድ እግሩን አውርዶ፣ ትዝ ሲለው መልሶ ይሰቅለዋል። ሐጂ ራሳቸው ባለፈው ሊወርዱ ሲሉ ትዝ ብሏቸው መሪው ተንቀጠቀጠባቸውና ከፍየሎቹ ጋር ሊጋጩ ለጥቂት ተረፉ። «ናጋ ቡልቴ!» እያሉ አለፉ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ልጄንና የባለቤቴን ወንድም አነጋግራለሁ። ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይሄዳሉ። «ደኅና ነኝ» ሲሉኝ ግን ሁለተኛ እጠይቃቸዋለሁ፤ ፊታቸውን አያለሁ። ይህ ከእንግዲህ የሚቀር አይመስለኝም።

ወደ መንገዱ አሁን በየጠዋቱ እወጣለሁ። ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ጋ ስደርስ እቆማለሁ፤ አልቀመጥም። በመጨረሻው ሰሞን «አንዴ ሞተሩ ይቀዝቅዝ» ሲለኝ እንደሚሞት ያውቅ ነበር፤ እኔ ጀርባው ላይ እጄን ሳደርግ እየሳቀ ተነሳ። ለብቻው ተሸክሞት ወጣ። ይህን ይቅር ልለው እሞክራለሁ፣ አንዳንድ ቀን እስከ አፋፉ ድረስ የምችል ይመስለኛል። ከዚያ ቆላውን ሳይ፣ ስንቱን መንገድ ሲሄድ የት እንደሚያድር ሳይነግረኝ ወጥቶ የማያውቅ ሰው እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እንደገና እቆጣዋለሁ።