የማህጁብ ዘቢብ

ማህጁብ አሶሳ ገበያ ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ለሰፋሪዎቹ ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ የሚሸጠው እሱ ነው። ዕቃው በኩርሙክ በኩል ከሱዳን ይመጣል፤ ቃሉም የዐረብ ነው፤ የደረቀ ወይን ማለት ነው። ምን እንደሚያደርጉበት ግን ጠይቆ አያውቅም። ሚስቱ ሀምዲያ የኢድ ጣፋጭ ላይ እንደምትበትነው፣ እነሱም ዳቦ ላይ ይበትኑታል ብሎ ያስባል። ከደረቀ ፍሬ መጠጥ ይወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ቄስ ታምሩም አልነገሩትም፤ ካወቀ እጁን ይሰበስባል ብለው ፈሩ። ይሉኝታ ነው እንግዲህ! እኛ አገር ይሉኝታ የማይዘጋው በር የለም።

የሱዳን ጦርነት መንገዱን ሲዘጋው የሱቁ ዘቢብ አለቀ። በዚያው ሰሞን የሞላ ሚስት ብዙወርቅ በጠና ታመመች። ሞላ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭኖ ሲመጣ ወባ የጣለው ልጅ ነበር፤ ወተት እያጠጣች ያስታመመችው የማህጁብ እናት ናት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው።

«አንተ ሞላ፣ ብዙወርቅ ተሻለው?» አለ ማህጁብ ሊጠይቃት ሲሄድ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

«ምን ይሻላታል! ሳልቆርብ እንዳልሞት እያለች ታለቅሳለች። ቄሱ ደግሞ ወይን ጠፍቷል፣ ያለ ወይን አይቀደስም አሉ።»

ሞላ ዘቢብ ብሎ አልተናገረም። ወንድሙ ባዶ መደርደሪያውን አስቦ እንዳይሳቀቅ ነው።

ማህጁብ በዕድሜው ደጃፉን ረግጦት የማያውቀው ግሮሰሪ ገባ። ከመስጊድ የሚያውቁት ሰዎች እያዩት አንድ ጠርሙስ ወይን ገዝቶ በጀለቢያው ሸፍኖ ወጣ። ኀፍረት አንገበገበው፤ ቢሆንም ለብዙወርቅ ነው። ቄስ ታምሩ ጠርሙሱን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ ይኼ አይሆንም። እኛ የምንቀድስበት ወይን ከዘቢብ የሚጨመቅ ነው። ካንተው ዘቢብ።»

«ዘቢብ? ዘቢብ እኮ ቤት አለ፣ አባ! ሀምዲያ ለኢድ ደብቆ አስቀምጧል!»

በባጃጅ በረረ። የዘቢቡን ቆርቆሮ ታቅፎ ሲመለስ ከሞላ ግቢ ለቅሶ ተቀበለው።

የብዙወርቅ አርባ የተቀደሰው በዚያ ዘቢብ ነው። ሞላ ብቻውን ቆረበ። ማህጁብ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠበቀው፤ ሲወጣም ክንዱን ይዞ፣ «ወንድሜ፣ ለምን አልነገርከኝም?» አለው። ሞላ ግን የቆረበ ሰው ነውና አፉን በነጠላው ሸፍኗል፤ መናገር አይፈቀድለትም። እንባው ብቻ በነጠላው ላይ ወረደ።